ድምፅ በመስጠት የጠፋ ዜግነት

ከላስ ቬጋስ ከተማ በስተደቡብ ያለው ታላቅ የአውሮፕላን ማረፊያ ከ1948 ጀምሮ ለሰባ ሦስት ዓመታት የተጠራው በኔቫዳው ሴኔተር በፓት ማካራን ስም ነበር። በዲሴምበር 14 ቀን 2021 ስሙ ተለውጦ ሃሪ ሪድ አየር ማረፊያ ተባለ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለስሙ መለወጥ ይሟገቱ የነበሩት ሰዎች ካነሷቸው ምክንያቶች አንዱ ሴኔተር ማካራን ለስደተኞችና ለአይሁድ የነበራቸው ጥላቻ ነው። ማካራን ራሳቸው ከአየርላንድ የፈለሱ ወላጆች ልጅ ነበሩ። ሆኖም በ1952 በስማቸው የሚጠራውን የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ ሲያወጡ፣ ወደ አሜሪካ የሚገባው ሰው ቁጥር በትውልድ አገር ኮታ እንደተለካ እንዲቀጥል አደረጉ። በዚያ ኮታ መሠረት ለኢትዮጵያ የተመደበላት በዓመት መቶ ሰው ነበር። ፕሬዚዳንት ትሩማን ሕጉን ውድቅ ቢያደርጉትም ኮንግረሱ በጁን 27 ቀን 1952 ውሳኔያቸውን ሽሮ አጸደቀው። የኮታው ሥርዓት የፈረሰው በ1965 ነው። ዛሬ በዚያ ማረፊያ ለሚሠሩትና ለሚመላለሱት ወገኖቻችን የተከፈተው በር ከዚህ ለውጥ በኋላ የተከፈተ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

በማካራን ሕግ ውስጥ ብዙ ያልተወራለት አንድ ሌላ አንቀጽ ነበር። አንድ አሜሪካዊ በሌላ አገር የፖለቲካ ምርጫ ድምፅ ከሰጠ የአሜሪካ ዜግነቱን ያጣል የሚል። ድንጋጌው ከ1940ው የዜግነት ሕግ የተወረሰ ነበር። ይህ አንቀጽ በአሜሪካ ምን እንደደረሰበት ወደ ኋላ እንመለስበታለን። አስቀድሞ ግን፣ ድምፅ የሰጠ ሰው ዜግነቱን ያጣል የሚለው ሐሳብ ከእኛው አገር ታሪክ ጋር እንዴት እንደተሳሰረ ማየት ያስፈልጋል።

በላስ ቬጋስ የታክሲ ሥራ ላይ የተሰማሩት ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ቁጥር ቀላል አይደለም። በአየር ማረፊያው ተራ በሚጠብቁት መካከል በአማርኛም በትግርኛም ሲጨዋወቱ መስማት የተለመደ ነው። ከእነዚህ መካከል ሦስት ሰዎችን በሐሳባችን እንውሰድ። አንደኛው ደሴ ተወልዶ ያደገና ኋላ አሜሪካዊ የሆነ ነው። የኢትዮጵያ ሕግ ዜግነትህን በፈቃድህ ትተሃል ይለዋል፤ ነገር ግን የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ ሰጥቶ ያለ ቪዛ ያስገባዋል፣ ቤት እንዲሠራም ይፈቅድለታል። ሁለተኛው አስመራ የተወለደ ነው። አሜሪካዊ ቢሆንም የኤርትራ መንግሥት በቀላሉ አይለቀውም፤ ከቆንስላው አገልግሎት በፈለገ ጊዜ ከገቢው ሁለት በመቶ ከፍሎ እንደሆነ ይጠየቃል። ሦስተኛው አዲስ አበባ ካዛንቺስ የተወለደ፣ እናቱ የአድዋ፣ አባቱ የአከለ ጉዛይ ሰው የሆኑ፣ በ1998 ከአባቱ ጋር በአውቶቡስ ተጭኖ ድንበር የተሻገረ ነው። ሦስቱም ዛሬ በኪሳቸው የያዙት ፓስፖርት አንድ ዓይነት ነው። ሦስተኛው ሰው ግን ወደ ተወለደበት ሰፈር ልመለስ ቢል የሚገባው እንደ ማንኛውም ቱሪስት ነው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ እንዴት እንዲህ ሊሆን ቻለ የሚል ነው።

ከተገዢነት ወደ ዜግነት

የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የዜግነት ሕግ የወጣው ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. ነው። ሕጉ ሰውን የሚጠራው የኢትዮጵያ ተገዢ እያለ ነበር። ከኢትዮጵያዊ አባት ወይም እናት የተወለደ ሁሉ፣ በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ ቢወለድ፣ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ግን ኢትዮጵያዊነቱን ያጣል። አጭርና ግልጽ ሕግ ነው፤ ከሰባ ዓመታት በላይም ሳይተካ ቆይቷል።

ኤርትራውያን በዚህ ሕግ ጥላ ሥር የገቡት በግል ማመልከቻ አልነበረም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በዲሴምበር 2 ቀን 1950 በወሰነው መሠረት ኤርትራ በሴፕቴምበር 1952 ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተዋሐደች፤ የማካራን ሕግ በዋሽንግተን በጸደቀ በሦስተኛው ወር መሆኑ ነው። የፌዴራሉ ድንጋጌ በመላው ፌዴሬሽን አንድ ዜግነት ብቻ እንደሚኖር ያትታል። የውጭ አገር ዜግነት ከያዙት በስተቀር በኤርትራ የሚኖሩ ሁሉ የዚህ ዜግነት ባለቤቶች ሆኑ። ፌዴሬሽኑ በኖቬምበር 1962 ሲፈርስ የዜግነቱ ነገር አልተለወጠም። አስተማሪው፣ ሐኪሙ፣ የባቡር ሠራተኛው፣ ነጋዴው ከአስመራ ወደ አዲስ አበባ፣ ከምፅዋ ወደ ድሬዳዋ ሲዘዋወር የሚሻገረው ድንበር አልነበረም። በአርባ ዓመት ውስጥ የተጋባው፣ የወለደው፣ ቤት የሠራው ሕዝብ ብዙ ነው። የሠላሳው ዓመት የትጥቅ ትግል በሰሜን በኩል ሲካሄድ እንኳ፣ በመሐል አገር የሚኖረው ኤርትራዊ በሕግ ፊት ኢትዮጵያዊ መሆኑ አላጠያየቀም።

በዚህ ላይ ስለ ቃሉ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ዛሬ ዜጋ ስንል ሙሉ መብት ያለውን የአገር ልጅ ማለታችን ነው። ይሁንና ሀብታሙ መንግሥቴ በምሥራቅ ጎጃም የመሬት ይዞታ ታሪክ ላይ ባደረገው ጥናት እንዳሳየው፣ በጎንደር ዘመን የመሬት ሰነዶች ውስጥ ዜጋ ማለት በባለ መሬቱ ጌታ ሥር ተጠግቶ የሚያድር ዝቅተኛ ሰው ነበር። ቃሉ ከጥገኝነት ተነሥቶ ወደ ባለመብትነት ረጅም መንገድ ተጉዟል። በ1998 የሆነውን ስንመለከት ግን ጉዞው ገና እንዳላለቀ እንረዳለን።

ሕዝበ ውሳኔውና መታወቂያው

በሜይ 1991 ሻዕቢያ አስመራን፣ ኢሕአዴግ አዲስ አበባን ያዙ። ጊዜያዊው የኤርትራ መንግሥት በኤፕሪል 1992 የዜግነት አዋጅ ቁጥር 21ን አወጣ። አዋጁ በ1933 በኤርትራ ይኖር ከነበረ ሰው የሚወለድ ሁሉ፣ የትም ይወለድ የት፣ በትውልድ ኤርትራዊ ነው ይላል። ወዲያው የሪፈረንደሙ አዋጅ ተከተለ። ድምፅ መስጠት የሚችለው በአዋጅ ቁጥር 21 መሠረት ኤርትራዊ የሆነና ይህንኑ የሚያረጋግጥ መታወቂያ የያዘ ሰው ብቻ ነው ተባለ። የኋላው መዘዝ ሁሉ የተቋጠረው በዚህች መታወቂያ ነው።

ሕዝበ ውሳኔው ከኤፕሪል 23 እስከ 25 ቀን 1993 ተካሄደ። የተባበሩት መንግሥታት ታዛቢዎች ተከታትለውታል፤ 99.8 በመቶው ነፃነትን መረጠ። ድምፅ የተሰጠው በኤርትራ ብቻ አልነበረም። በኢትዮጵያ ውስጥም የምርጫ ጣቢያዎች ተከፍተው ከ57 ሺህ በላይ ሰዎች ድምፅ ሰጡ። ይህ በድብቅ የተደረገ አይደለም። በአዲስ አበባ የነበረው የሽግግር መንግሥት የሕዝበ ውሳኔው ደጋፊ ነበር፤ ውጤቱንም ተቀብሎ ለኤርትራ ዕውቅና ሰጠ። ሄደህ ድምፅ ስጥ የተባለ ሰው፣ በዚህ ድምፅህ ኢትዮጵያዊነትህን ታጣለህ ተብሎ አልተነገረውም።

ከዚያ በኋላ ባሉት አምስት ዓመታት የሆነውም ይህንኑ ያጠናክራል። ድምፅ የሰጡት ሰዎች በኢትዮጵያ ፓስፖርት መጓዛቸውን ቀጠሉ፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥረው ሠሩ፤ ንግድ ፈቃዳቸውን አሳደሱ፤ በኢትዮጵያ ምርጫም ተካፈሉ። ሁለቱ መንግሥታት ጉዳዩን አልረሱትም ነበር። በኦገስት 1996 የሁለቱ አገሮች የጋራ የሚኒስትሮች ኮሚሽን ባደረገው ስብሰባ፣ እስከዚያ ጊዜ በኢትዮጵያዊነት ሲጠቀሙ የቆዩ ኤርትራውያን ከሁለቱ ዜግነቶች አንዱን እንዲመርጡ መደረግ አለበት በሚል ተስማምተው፣ አፈጻጸሙን ግን ለሌላ ጊዜ አስተላለፉት። ያ ሌላ ጊዜ በሰላም አልመጣም። ምርጫው ለሕዝቡ ሳይቀርብለት ጦርነቱ ቀደመ።

በዚህ መካከል፣ በ1995 በሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 6 ከሁለቱ ወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሁሉ ኢትዮጵያዊ እንደሆነ ደንግጓል። በአንቀጽ 33 ደግሞ ማንም ኢትዮጵያዊ ያለ ፈቃዱ ዜግነቱ ሊገፈፍ እንደማይችል አጽንቷል። ከላይ ያነሣነው የካዛንቺሱ ልጅ፣ እናቱ የአድዋ ሰው እስከሆኑ ድረስ፣ በሕገ መንግሥቱ ቃል ኢትዮጵያዊነቱ የሚያከራክር አልነበረም።

1998

በሜይ 1998 በባድመ ውጊያው ተቀሰቀሰ። በጁን 12 የኢትዮጵያ መንግሥት መግለጫ አወጣ። በአንድ በኩል በኢትዮጵያ የሚኖሩ ኤርትራውያን በሰላም ሠርተው መኖር እንደሚችሉ አረጋገጠ፤ በሌላ በኩል ለአገር ደኅንነት አስጊ ናቸው የተባሉት እንዲወጡ እንደሚደረግ አስታወቀ። ከመግለጫው ሁለተኛው ክፍል ወዲያው ተፈጸመ። መጀመሪያ የተያዙት ታዋቂ ነጋዴዎች፣ ምሁራን፣ በሻዕቢያ ድርጅቶችና በኤርትራውያን ማኅበራት ውስጥ ይሳተፋሉ የተባሉ ሰዎች ነበሩ። እየቆየ ሲሄድ ግን መረቡ ሰፋ፤ ሽማግሌዎች፣ አሮጊቶች፣ ሕፃናት ሳይቀሩ ተጫኑ። ሰዎቹ ብዙውን ጊዜ ሌሊት ከቤታቸው ተወስደው በፖሊስ ጣቢያ ይቆያሉ፤ ከዚያም በተሽከርካሪ ተጭነው በቡሬ በኩል ወደ አሰብ መንገድ፣ ወይም በሑመራ በኩል ወደ ኦምሐጀር ይሻገራሉ። ለውትድርና ዕድሜ የደረሱ ወጣቶችና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይማሩ የነበሩ የኤርትራ ተማሪዎች በብላቴ ካምፕ ታሰሩ።

በጁላይ ወር ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በሰጡት ቃለ ምልልስ፣ ማንኛውም የውጭ አገር ሰው በኢትዮጵያ የሚኖረው በመንግሥቱ በጎ ፈቃድ እንደሆነ፣ የዓይኑን ቀለም አልወደድነውም ብለን ውጣ ብንለው እንኳ መውጣት እንዳለበት የሚገልጽ ንግግር አደረጉ። ይህ ንግግር እስከ ዛሬ ከሚጠቀስበት ምክንያት አንዱ ጭካኔው ነው። በእኔ እምነት ግን ከጭካኔው የበለጠ ሊጤን የሚገባው በውስጡ ያለው የሕግ ክፍተት ነው። ንግግሩ የሚጀምረው ሰዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ናቸው ከሚል ነጥብ ነው፤ መረጋገጥ የነበረበት ጥያቄ እንደተረጋገጠ ተቆጠረ። ትናንት ኢትዮጵያዊ የነበረው ሰው ዛሬ የውጭ አገር ሰው የሆነው በየትኛው ፍርድ ቤት፣ በየትኛው ውሳኔ፣ በየትኛው ቀን ነው? ለዚህ መልስ የሚሰጥ ወረቀት ለአብዛኞቹ ተባራሪዎች አልተሰጣቸውም፤ ይግባኝ የሚሉበት ዳኛም አልነበራቸውም።

ከሰውየው ጋር ንብረቱም ተፈረደበት። የንግድ ፈቃድ ተሰረዘ፤ ሒሳብ ታገደ። የሚባረረው ሰው ለሚቀር ዘመዱ ወይም ወዳጁ ውክልና እንዲሰጥ ፎርም ይቀርብለት ነበር፤ ይሁን እንጂ በአንድ ሌሊት ውስጥ የሚያምነውን ሰው መፈለግ፣ በእስር ላይ ሆኖም መፈረም ምን ያህል አዳጋች እንደሆነ መገመት አያዳግትም። የውጭ አገር ሰው ቤት ሊኖረው አይችልም በሚል ምክንያት ቤቱ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ እንዲሸጥ ታዘዘ። በጦርነት ጊዜ፣ ገዢው ሁሉ ሻጩ መሸጥ ግዴታው መሆኑን በሚያውቅበት ገበያ፣ በአንድ ወር የሚሸጥ ቤት በምን ዋጋ እንደሚሄድ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ከሁሉ የከፋው የቤተሰቡ መከፈል ነበር። ባል ኤርትራዊ ሲባል ሚስት ኢትዮጵያዊት ሆና ትቀራለች። ልጆቹ ከአባት ጋር ይሂዱ ወይስ ከእናት ጋር ይቅሩ የሚለውን የሚወስነው በዚያች ሌሊት በር ያንኳኳው ሰው ነበር። በሁለቱ አገሮች መካከል ስልክም ፖስታም በመቋረጡ፣ ለሃያ ዓመት ያህል ድምፃቸው በኬንያ ወይም በአሜሪካ ባለ ዘመድ በኩል ካልሆነ በቀር ያልተሰማ ወላጆችና ልጆች ነበሩ።

ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2003 ባወጣው ዘገባ በጦርነቱ ጊዜ ከኢትዮጵያ የተባረሩትን ሰዎች ወደ 75 ሺህ ገምቷቸዋል። ለቀሩትም ነገሩ አላበቃም። በኦገስት 1999 የደኅንነት፣ የኢሚግሬሽንና የስደተኞች ጉዳይ ባለሥልጣን ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በላይ የሆኑት ሁሉ ቀርበው በውጭ አገር ሰውነት እንዲመዘገቡ አዘዘ። የተሰጣቸው የመኖሪያ ፈቃድ በየስድስት ወሩ የሚታደስ ነበር። ተወልዶ ባረጀበት ከተማ በየስድስት ወሩ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው፣ በጎንደር ዘመን ሰነድ ቋንቋ ካልሆነ በቀር፣ ዜጋ ሊባል አይችልም።

ታሪክን በአንድ ዓይን ማየት ተገቢ ስላልሆነ በማዶ የሆነውም ሊነገር ይገባል። በኤርትራ ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን፣ በተለይም በአሰብ ወደብ ጉልበታቸውን ሸጠው የሚያድሩት፣ ኢትዮጵያ ዕቃዋን ወደ ጂቡቲ ስታዛውር እንጀራቸው ተቋረጠ። ከሥራና ከቤት የተባረሩ፣ የተደበደቡ፣ የታሰሩ ብዙዎች ናቸው። በሜይ 2000 የኢትዮጵያ ጦር ወደ ኤርትራ ዘልቆ በገባ ጊዜ እስሩ በረታ። በአጠቃላይ ወደ 70 ሺህ የሚሆኑ ኢትዮጵያውያን ተባረው ወይም ተገደው ከኤርትራ እንደወጡ ያው ዘገባ ይገልጻል። የእነዚህ ሰዎች ዜግነት አላከራከረም፤ የመኖር መብታቸው ግን እንደዚሁ የመንግሥት በጎ ፈቃድ ሆኖ ተገኘ።

ሄግ ላይ የተነገረው

በዲሴምበር 12 ቀን 2000 በአልጀርስ በተፈረመው ስምምነት መሠረት መቀመጫውን ሄግ ያደረገ አምስት አባላት ያሉት የካሣ ጥያቄ ኮሚሽን ተቋቋመ። ኮሚሽኑ በዲሴምበር 17 ቀን 2004 በሲቪሎች ጉዳይ ላይ የሰጠው ውሳኔ በእኛ ዘንድ ከተወራለት ይልቅ ያልተነበበ ሰነድ ነው።

ኤርትራ በክርክሯ፣ በ1993 የተሰጠው መታወቂያ ድምፅ ለመስጠት ብቻ እንጂ ዜግነት ለማግኘት አልነበረም፤ ገና ያልተወለደ መንግሥት ዜግነት ሊሰጥ አይችልም አለች። ኢትዮጵያ ደግሞ መታወቂያውን የወሰደ በ1922ቱ ሕግ መሠረት ወዲያው ኢትዮጵያዊነቱን አጥቷል አለች። ኮሚሽኑ ሁለቱንም አልተቀበለም። መታወቂያውን ያወጡት ሰዎች የኤርትራን ዜግነት አግኝተዋል፤ ነገር ግን ኢትዮጵያ እስከ 1998 ድረስ ፓስፖርት ስትሰጣቸውና እንደ ዜጎቿ ስታስተናግዳቸው ስለቆየች ኢትዮጵያዊነታቸውንም አላጡም፤ ስለዚህ የሁለት አገር ዜጎች ናቸው ሲል ወሰነ።

ከዚያ በኋላ ያለው የውሳኔው ክፍል ለሁለቱም ወገን የሚጎመዝዝ ነው። በጦርነት ጊዜ፣ በግለሰብ ደረጃ ተጣርቶ ለደኅንነት አስጊ ሆነው የተገኙትን የሁለት አገር ዜጎች ኢትዮጵያዊነት መንጠቅና ማባረር ሕግን የሚጥስ አይደለም አለ። በአንጻሩ፣ ምንም ስጋት ሳይገኝባቸው በኢትዮጵያ የቀሩትን፣ በሌላ አገር ይኖሩ የነበሩትን፣ እንዲሁም ያለ ማጣራት በየአካባቢው ሹማምንት ተገፍተው ድንበር የተሻገሩትን ዜግነት መንጠቅ በዘፈቀደ የተፈጸመና ሕገ ወጥ ነው አለ። በአንድ ወር ውስጥ ቤት የማሸጡን ትእዛዝና በንብረት ላይ የደረሰውንም ጉዳት በኢትዮጵያ ኃላፊነት ላይ አኖረ። በኢትዮጵያውያን ላይ ስለደረሰው በደልም ኤርትራን ተጠያቂ አደረገ። በኦገስት 17 ቀን 2009 በሰጠው የመጨረሻ ውሳኔ ለኢትዮጵያ ከ174 ሚሊዮን ዶላር በላይ፣ ለኤርትራ ከ163 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሣ ወሰነ። ሁለቱ ገንዘቦች ጎን ለጎን ሲቀመጡ እርስ በርስ የሚጣፉ ይመስላሉ። የካዛንቺሱ ሰው ቤት ግን በማካካሻ የሚጣፋ አልነበረም።

እንደ እኛው የተለያዩ

መንግሥታት ሲለያዩ በመካከል የሚቀረው ሕዝብ ጉዳይ የእኛ ብቻ አይደለም። ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ በባልቲክ አገሮች የቀሩት ሩስያውያን ተመሳሳይ ጥያቄ ገጥሟቸዋል። ሊትዌንያ በ1989 በወጣ ሕግ በግዛቷ ለሚኖሩ ሁሉ የዜግነት በሯን ከፈተች። ላትቪያና ኢስቶንያ ግን ከ1940 በፊት ዜጋ የነበሩትንና ዘሮቻቸውን ብቻ ዜጋ አድርገው ተቀበሉ፤ በሶቪየት ዘመን የመጣው ወይም የተወለደው የቋንቋና የታሪክ ፈተና እንዲያልፍ ተጠየቀ። በ1990ዎቹ አጋማሽ በላትቪያ ዜጋ ያልሆነ የሚል ልዩ ሕጋዊ ስም የተሰጣቸው ሰዎች ከ700 ሺህ በላይ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች አይመርጡም፤ ሆኖም በላትቪያ የመኖር መብታቸው በሕግ የተረጋገጠ ነበር፤ ልዩ ፓስፖርትም ነበራቸው። በኦክቶበር 1998፣ ከአዲስ አበባ አውቶቡሶች በሚነሡበት በዚያው ወቅት፣ የላትቪያ ሕዝብ በሕዝበ ውሳኔ ሕጉን አላላው፤ ከነፃነት በኋላ የተወለዱ ልጆች በወላጆቻቸው ጥያቄ ዜጋ እንዲሆኑ ተፈቀደ። ከ2020 መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ ዜጋ ካልሆኑ ወላጆች የሚወለዱ ልጆች ያለ ማመልከቻ ዜግነት እንዲያገኙ ተደረገ።

ይህ ሁሉ ፍትሐዊ ነበር ለማለት አይደለም። ጦርነት ሲመጣ እዚያም በሩ ጠበበ። ሩስያ በ2022 ዩክሬንን ከወረረች በኋላ ላትቪያ የሩስያ ፓስፖርት የያዙ ነዋሪዎቿ የቋንቋ ፈተና እንዲወስዱ አዘዘች፤ ኢስቶንያም በ2025 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ የሩስያ ዜጎች በአካባቢ ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብታቸውን አነሣች። ስሎቬንያ ደግሞ በፌብሩዋሪ 1992 ከሌሎች የዩጎዝላቪያ ሪፐብሊኮች የመጡ ከ25 ሺህ በላይ ነዋሪዎችን ከቋሚ ነዋሪነት መዝገብ በዝምታ ሰርዛለች፤ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2012 ፈርዶባታል። ልዩነቱ በእነዚህ አገሮች ተበዳዩ የሚሟገትበት ሕግ፣ የሚያነብበት አንቀጽ፣ የሚከስስበት ፍርድ ቤት ማግኘቱ ነው። የእኛው ሰው ያገኘው አውቶቡስ ብቻ ነው።

ከጦርነቱ ወዲህ

ኢትዮጵያ የ1922ቱን ሕግ የተካችው በዲሴምበር 2003 በወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ነው። በጃንዩዋሪ 2004 ደግሞ በኢትዮጵያ የሚኖሩ ኤርትራውያንን ሁኔታ የሚመለከት መመሪያ ወጣ። ኤርትራ ነፃ ስትወጣ በኢትዮጵያ ይኖር የነበረና እስከ መመሪያው ድረስ ያልለቀቀ ሰው፣ የኤርትራ ፓስፖርት ወይም ኤርትራዊነቱን የሚገልጽ ሌላ ሰነድ ካልያዘ፣ ኢትዮጵያዊነቱን እንደመረጠ ይቆጠራል ተባለ። ሰነዱን የያዘውም ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ እንዲያገኝ፣ ከፈለገም ወደ ኢትዮጵያዊነቱ እንዲመለስ መንገድ ተከፈተለት። ይህ መልካም እርምጃ ነበር፤ ዘግይቶም ቢሆን ብዙዎችን ከስድስት ወር ፈቃድ አወጣ። ነገር ግን የተናገረው ለቀሩት ነው። ለተባረሩት የሚል አንቀጽ አልነበረውም።

ከመመሪያው ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በፌብሩዋሪ 2002፣ ትውልደ ኢትዮጵያውያን የውጭ አገር ዜጎች ልዩ ልዩ መብት የሚያገኙበት አዋጅ ቁጥር 270 ወጥቷል። በእኛ በውጭ በምንኖረው ዘንድ በቢጫ ካርድ የሚታወቀው ይኸው ነው። አዋጁ ቅድመ አያቱ ብቻ ኢትዮጵያዊ የነበረን አሜሪካዊ እንኳ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። ዳሩ ግን ኢትዮጵያዊነቱን አጥቶ የኤርትራ ዜግነት ያገኘን ሰው በትርጓሜው ውስጥ በግልጽ ያገልላል። ስለዚህ አማርኛ የማይሰማ የላስ ቬጋስ ተወላጅ፣ የሴት አያቱ አባት የደብረ ብርሃን ሰው ስለነበሩ ካርዱን ይወስዳል፤ ካዛንቺስ ተወልዶ በአማርኛ አፉን የፈታው ሰው በ1993 መታወቂያ አውጥተሃል ተብሎ ይከለከላል። የሄጉ ኮሚሽን የተናገረው ሁለት ዜግነት በዚህ አዋጅ ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

በጁላይ 2018 የሁለቱ አገሮች መሪዎች በአስመራ የሰላም መግለጫ ሲፈራረሙ፣ ስልኩ ሲከፈት፣ አውሮፕላኑ ሲበርር፣ የተለያዩ ቤተሰቦች በቦሌና በአስመራ ሲላቀሱ ያየ ሁሉ ነገሩ ተፈታ ብሎ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የየብስ ድንበሩ ተመልሶ ተዘጋ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአስመራ በረራም በሴፕቴምበር 2024 ተቋረጠ። መግለጫው ስለ ወዳጅነትና ስለ ትብብር ተናግሯል። ስለ ተነጠቀ ዜግነት ግን አልተናገረም። ዕርቅ በመሪዎች መካከል ሲሆን በመሪዎቹ ጠብ ይፈርሳል፤ የዜግነት ጥያቄ ከዚህ ውጭ በሕግ የሚፈታበትን መንገድ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

ሠዓሊው ያሸነፉበት ክስ

አሁን ወደ ማካራን ሕግ እንመለስ። ቤይስ አፍሮዪም የተባሉ በፖላንድ የተወለዱ ሠዓሊ በ1926 አሜሪካዊ ሆኑ። በ1950 ወደ እስራኤል ሄደው በ1951 በተደረገው የፓርላማ ምርጫ ድምፅ ሰጡ። በ1960 ፓስፖርታቸውን ለማሳደስ ሲጠይቁ የአሜሪካ ቆንስላ ድምፅ በመስጠትህ ዜግነትህን አጥተሃል አላቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለው ሕግ ትክክል ነው ብሎ በ1958 በሌላ ጉዳይ ፈርዶ ነበር። አፍሮዪም ግን ተከራከሩ፤ በሜይ 29 ቀን 1967 ፍርድ ቤቱ በአምስት ለአራት ድምፅ የራሱን የቀድሞ ፍርድ ሻረ። በባርነት ዘመን ማግሥት፣ በ1868፣ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ የገባው አሥራ አራተኛው ማሻሻያ ለዜጋው ዜግነቱን ስለሚያረጋግጥለት፣ ራሱ ካልተወው በቀር ኮንግረስ ሊነጥቀው አይችልም አለ። በ1978 ኮንግረሱ ያንን የድምፅ አንቀጽ ከሕጉ አወጣው።

ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። አፍሮዪም ድምፅ የሰጡት በሌላ አገር መደበኛ ምርጫ ነው፤ የራሳቸው አገር ሕግም ይህን እንዳያደርጉ አስቀድሞ አስጠንቅቋል። የአዲስ አበባው ሰው ድምፅ የሰጠው ገና ባልተመሠረተ መንግሥት ሕዝበ ውሳኔ ነው፤ የራሱ መንግሥትም ጣቢያ ከፍቶ ፈቅዶለታል። አፍሮዪም ዜግነታቸው ሲጠራጠር ለዳኛ ተናገሩ፤ የአዲስ አበባው ሰው ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ያለውን አንቀጽ 33 የሚጠቅስበት ችሎት አላገኘም። ሁለቱም ሕገ መንግሥቶች በወረቀት ላይ የሚሉት ተቀራራቢ ነው። የለያያቸው ከወረቀቱ ጀርባ የቆመ ፍርድ ቤት መኖርና አለመኖሩ ነው።

አሜሪካንን ለማመስገን ይህን አላነሣሁም። ያው ሕግ በስማቸው የሚጠራው ሴኔተር የእኛን አገር ሰው በዓመት መቶ አድርገው የቆጠሩ ናቸው፤ ስማቸው ከማረፊያው በር ለመውረድም ሰባ ሦስት ዓመት ፈጅቷል። ነገር ግን ስሙ ከመውረዱ ከሃምሳ ዓመት በፊት ኮታው ፈርሷል፤ የድምፅ አንቀጹም ተሽሯል። ሕጉ አስቀድሞ ተለወጠ፤ ስሙ ተከተለ። በእኛ ዘንድ ግን ይህ ቅደም ተከተል ይገለበጣል። መንግሥት ይለወጣል፣ የመሥሪያ ቤት ስም ይለወጣል፣ የትናንቱ ጠላት ወዳጅ የዛሬው ወዳጅ ጠላት ይሆናል፤ ዜግነት የመንግሥት ችሮታ ነው የሚለው አስተሳሰብ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይነካ ይተላለፋል።

ሊደረግ የሚገባው ከባድ አይደለም። የአዋጅ ቁጥር 270 ትርጓሜ ሊሻሻል ይችላል፤ በ1998 የኢትዮጵያ ዜጋ የነበረና ያለ ፍርድ የተባረረ ሰው፣ ልጁም ጭምር፣ ቢያንስ እንደ ማንኛውም ትውልደ ኢትዮጵያዊ ሊቆጠር ይገባዋል። ወደ ዜግነቱ ልመለስ የሚለውም ጉዳዩን የሚያይለት ፍርድ ቤት ሊኖረው ይገባል። ይህ ከአስመራ ጋር ባለው ግንኙነት ላይ የሚንጠለጠል ጉዳይ አይደለም፤ ኢትዮጵያ ከራሷ ሕገ መንግሥት ጋር ያላት ጉዳይ ነው።

እስከዚያው ግን በእኛ በስደተኞቹ እጅ ያለ ሥራ አለ። በላስ ቬጋስ፣ በዋሽንግተን፣ በለንደን፣ በስቶክሆልም በየቤቱ ሳጥን ውስጥ የቀበሌ መታወቂያ፣ የልደት የምስክር ወረቀት፣ የንግድ ፈቃድ፣ የቤት ካርታ፣ በችኮላ የተፈረመ ውክልና ተቀምጧል። እነዚህን የያዙት ሰዎች እያረጁ ነው፤ የ1998ቱ ወጣት ዛሬ የልጅ ልጅ ሊያይ የደረሰ ነው። ወረቀቶቹ ሊሰበሰቡ፣ ሊባዙ፣ የባለቤቶቻቸው ቃል ሊመዘገብ ይገባል፤ በኤርትራ በኩል የተባረሩት ኢትዮጵያውያን ወረቀትም እንዲሁ። አንድ ቀን ጉዳዩን የሚያይ ዳኛ ሲቀመጥ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ማስረጃ ነውና።